«ፎርካስት»፦ ከትንቢት የሚለየው ትንበያ

ከአጋር ድርጅቶች ወደ ጽሕፈት ቤታችን፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ቤተ ክህነትና ወደ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ በሚወርዱ ሰነዶች ውስጥ «ፎርካስት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለ ዝናብ ሲነገር «ትንበያ» ተብሎ ይተረጎማል፤ ስለ ገንዘብ ሲነገር «ቅድመ ግምት» ይባላል፤ አንዳንዴም ሳይተረጎም እንዳለ ይታለፋል። ቃሉ ተራ ቢመስልም የዘር እህል መቼ እንደሚታደል፣ የትኛው ሰብል ቀድሞ እንደሚዘራ፣ ለውኃ ጉድጓድ የተያዘው ገንዘብ በየትኛው ወር እንደሚለቀቅ የሚወሰነው በእርሱ አነባበብ ነው። ይልቁንም ካህኑ በዓውደ ምሕረት ቆሞ «በዚህ ክረምት ዝናቡ ይበዛል ተብሏል» ሲል፣ ሰሚው ምእመን ያንን ቃል ከስብከቱ ጋር በአንድ ሚዛን ሊያኖረው ይችላል። ስለዚህ የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የዚህን ቃል ምንጭ፣ ትርጉምና አጠቃቀም በጥቂቱ እንመርምር።

«ፎርካስት» ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው። «ፎር» ማለት «አስቀድሞ» ማለት ሲሆን «ካስት» ደግሞ «መጣል፣ መወርወር» ማለት ነው። ይሁን እንጂ «ካስት» በቀድሞው እንግሊዝኛ ማስላትንና ማቀድንም ያመለክት ነበር፤ የሒሳብ ድምር ማውጣትም በዚሁ ቃል ይነገር ነበር። ስለዚህ ጥምር ቃሉ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጽሑፍ ሲገኝ «አስቀድሞ መላ መምታት፣ አስቀድሞ ማሰብ» የሚል ትርጉም ነበረው፤ በስምነቱም አርቆ አስተዋይነትን ይገልጥ ነበር። ነገን የሚያውቅ ሰው ቃል ሳይሆን ለነገ የሚያስብ ሰው ቃል ነበረ ማለት ነው። እኛም በቋንቋችን «ዕጣ መጣል» እንላለን፤ ነገር ግን መጣል የሚለው ቃል ቢያገናኛቸውም ፎርካስት ዕጣ አይደለም፤ ከመለኪያና ከስሌት የሚነሣ ነውና።

ቃሉ ከአየር ሁኔታ ጋር በሕዝብ ዘንድ የተጣበቀው ከብዙ ዘመን በኋላ በእንግሊዝ አገር ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የውጭ ታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሮበርት ፊትዝሮይ የተባለው የባሕር ኃይል መኮንን፣ ቻርልስ ዳርዊን ዓለምን የዞረባትን «ቢግል» የተባለችውን መርከብ የመራ ሰው ነው። በ1854 መንግሥቱ የአየር ሁኔታን የሚመዘግብ አዲስ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም ኃላፊ አድርጎ ሾመው። የመሥሪያ ቤቱ ተግባር በመጀመሪያ ያለፈውን መመዝገብ ብቻ ነበር። በጥቅምት 1859 ግን «ሮያል ቻርተር» የተባለችው መርከብ ከአውስትራሊያ ተመልሳ ወደ ሊቨርፑል ልትገባ ስትቃረብ፣ በዌልስ ጠረፍ በማዕበል ተሰብራ ከ400 በላይ ነፍስ ጠፋ። ፊትዝሮይ የማዕበሉ ምልክት አስቀድሞ በሌሎች ጠረፎች ይታይ እንደነበረ ተረዳ፤ ቴሌግራፍም ከማዕበሉ ይፈጥናል። ስለዚህ ከልዩ ልዩ ጠረፎች በቴሌግራፍ ልኬት እየሰበሰበ፣ ከ1861 መጀመሪያ አንሥቶ በወደቦች ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያሰቅል ጀመር። በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ የመጀመሪያው ለሕዝብ የተሰጠ የአየር ትንበያ «ታይምስ» በተባለው ጋዜጣ ታተመ።

ለዚህ አዲስ ነገር ስም ያስፈልግ ነበር። ፊትዝሮይ «ፎርካስት» የሚለውን የመረጠው ሆነ ብሎ ነው። በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ የሚሰጠው ነገር ትንቢት እንዳልሆነ፣ ከሳይንሳዊ ስሌት የሚወጣ አስተያየት መሆኑን፣ ቃሉም ለዚህ የሚስማማ መሆኑን ገልጿል። ጥንቃቄው ግን ከነቀፌታ አላዳነውም። ትንበያው በተሳተ ቁጥር ጋዜጦች ያፌዙበት፣ በምክር ቤትም ጥያቄ ይነሣበት ነበር። እርሱ በ1865 ሕይወቱ ካለፈች በኋላ በቀጣዩ ዓመት ሥራው ሁሉ ቆመ። ሆኖም ሕይወታቸው በባሕር ላይ የሆነ ሰዎች ስለ ተቃወሙ የማዕበሉ ማስጠንቀቂያ በ1867 ተመለሰ፤ ለሕዝብ የሚሰጠው የየዕለቱ ትንበያ ግን እስከ 1879 ድረስ አልታተመም። በትንበያው የሚያፌዙት በአብዛኛው በደረቅ ምድር የተቀመጡት ሲሆኑ ይመለስልን ያሉት በጀልባ የሚወጡት መሆናቸው ሊታሰብበት ይገባል።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። ፊትዝሮይ ከትንቢት ለመሸሽ ሲል የመረጠው ቃል፣ ወደ አማርኛ ሲመጣ ተመልሶ ከትንቢት ቤት ገብቷል። «ትንበያ»፣ «ትንቢት»፣ «ነቢይ»፣ «ተነበየ» ሁሉም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ቃሉን ለአየር ሁኔታ ያዋሉት ሰዎች «ትንቢት» አላሉም፤ በአመሣረቱ ለየት ያለውን «ትንበያ» የሚለውን መረጡ፤ ይህም መልካም ማስተዋል ነው። ነገር ግን ለተማሪ ቤት ጆሮ ልዩነቱ ቢሰማም፣ ለብዙ ሰሚ አንድ ነው። ከዚህም ሁለት ችግሮች ይመጣሉ። አንዳንዱ «የነገውን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሰው ምን ብሎ ይናገራል?» ብሎ ከነጭራሹ አይሰማም። ሌላው ደግሞ እንደማይታጠፍ ቃል ይቀበለውና ያልተባለው ሲሆን «ዋሹን» ይላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ትንበያን ትንቢት ስላደረጉት ነው።

ትንቢት ከእግዚአብሔር የተገለጠ ነው፤ በመቶኛም አይነገርም። ዮሴፍ ለፈርዖን ስለ ሰባቱ የጥጋብና ስለ ሰባቱ የራብ ዓመታት ሲነግረው ዕድሉ ከመቶ ይህን ያህል ነው አላለም። ትንበያ ግን ያለ ዕድል መጠን ሙሉ አይሆንም፤ መጠኑ ባይጻፍ እንኳ በውስጡ አለ። ሰማይን አይቶ መናገርም በራሱ በደል አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 16 እና በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ጌታችን ሰዎች ከሰማዩ መልክ፣ ከደመናውና ከነፋሱ የሚመጣውን ብራ፣ ዝናብና ትኩሳት እንደሚለዩ ጠቅሷል፤ የገሠጻቸውም የሰማዩን ፊት እያወቁ የዘመኑን ምልክት ስላላወቁ እንጂ ሰማይን ስላነበቡ አይደለም። ምሕላ ልመና ነው፤ ትንበያ ስሌት ነው። አንድ አጥቢያ ጠዋት ስለ ዝናብ ምሕላ አድርሶ ከሰዓት በኋላ የሜትሮሎጂ መግለጫ ቢያነብ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

እንግዲህ ትንበያው ምን ያህል ርቆ ያያል? ይህ ለሰበካ ጉባኤ ዋና ጥያቄ ነው፤ «ትንበያ» በሚል በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች በጠባያቸው እጅግ ይለያያሉና። የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ቀን ትንበያ የሚሠራው የአየሩን የዛሬ መልክ በመለካትና እንቅስቃሴውን በኮምፒውተር በማስላት ነው። ይህ ዘርፍ ብዙ ተሻሽሏል፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት ትክክለኛነቱ በየአሥር ዓመቱ በአንድ ቀን ያህል ርቋል። በሌላ አነጋገር የዛሬው የአራት ቀን ትንበያ ከአሥር ዓመት በፊት የሦስት ቀኑ እንደነበረው ሆኗል። ነገር ግን ወሰን አለው። ኤድዋርድ ሎሬንዝ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እንዳሳየው፣ በመነሻው ልኬት ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት ቀን በቀን እየፋፋች ስለምትሄድ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በላይ ርቆ «በዚህ ቀን ይዘንባል» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ማንም ሰው በሚያዝያ ወር «ሐምሌ 12 ቀን ዝናብ ይጥላል» ቢላችሁ ከሜትሮሎጂ የመጣ ቃል አይደለም።

የወቅት ትንበያ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ስለ ቀን አይናገርም፤ ስለ ሦስት ወይም አራት ወራት ጠቅላላ ዝናብ ይናገራል። የሚመሠረተውም ከአየር ይልቅ ቀስ ብለው በሚለዋወጡት ውቅያኖሶች ሙቀት ላይ ነው። ለምሳሌ የሰላማዊ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ሲሞቅ ኤል ኒኞ ይባላል። ይህ ሲሆን በአገራችን የሰሜንና የመካከለኛው ክፍል የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ ያሳያል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የሚጥለው ዝናብ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል። ስለዚህ አንዱ ዜና ለወሎ አጥቢያ የሥጋት፣ ለቦረና አጥቢያ የጎርፍ ጥንቃቄ ዜና ሊሆን ይችላል። በሬዲዮ «ኤል ኒኞ ተከሥቷል» የሚለውን ሰምቶ ለሁሉም ሀገረ ስብከት አንድ ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በወቅት ትንበያ ውስጥ ሦስት መደቦች ይጠቀሳሉ፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድ አካባቢ የ30 ዓመት የዝናብ መዝገብ ይወሰዳል፤ አሁን በዓለም አቀፍ ደረጃ መነሻ የሆነው ከ1991 እስከ 2020 ያለው ዘመን ነው። ዓመታቱ ዝናብ ካነሰበት ወደ በዛበት ይደረደራሉ። ዝቅተኛዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በታች»፣ መካከለኞቹ አሥሩ «መደበኛ»፣ ከፍተኛዎቹ አሥሩ «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ምንም ዕውቀት ባይኖረን የእያንዳንዱ ዕድል ከመቶ 33 ያህል ይሆን ነበር። ትንበያው የሚጨምርልን ነገር ይህን ሚዛን ወደ አንዱ ወገን ማዘንበል ነው። ለምሳሌ ያህል «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ቢባል፣ ዝናቡ ይበዛል ማለት አይደለም። እንዲህ ዓይነት ትንበያ የተሰጠባቸውን 100 ክረምቶች ብንቆጥር በ20ዎቹ ዝናቡ ያንሳል ማለት ነው። ከአምስት አንዱ ትንሽ አይደለም፤ ለልጆቹ የሚያበላ አባወራ ጎተራውን ሁሉ በዚያ ላይ አያቆምም።

የሚያዝያና የግንቦት ዝናብ ባለበት አካባቢ ገበሬው ይህን ያለ መቶኛ ያውቀዋል። ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ቀድሞ ይዘራል፤ ዝናቡ ቢከዳው ማሳውን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ይዘራበታል፤ በመጨረሻም በተረፈው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። የሰበካ ጉባኤው ድርሻ ይህን ጥበብ መከተል ነው፤ ትንበያው ወደ በጎ ቢያዘነብልም ለተጠባባቂነት የሚሆነውን ቶሎ የሚደርስ ዘር አስቀድሞ አለማደል፣ ወደ ክፉ ቢያዘነብልም የማሽላውን ዘር ጨርሶ አለመከልከል።

«መደበኛ» የሚለውንም ቃል በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። መደበኛ ማለት በቂ ማለት አይደለም፤ በዚያ ቦታ የተለመደ ማለት ነው። በአፋር ቆላ የተለመደው ዝናብ ለእርሻ አይበቃም፤ በደቡብ ምዕራብ ደጋ የተለመደው በአፋር ቢወርድ ጥፋት በሆነ ነበር። ከዚህም ጋር የወቅቱ ድምር መደበኛ ሆኖ ሳለ ዝናቡ ዘግይቶ ሊገባ፣ በመካከል ሦስት ሳምንት ሊቋረጥ፣ በእህሉ ማበቢያም ሊቀር ይችላል። ሰማዩ ድምሩን አሟልቶ እህሉ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ መግለጫው ሲደርሳችሁ ስለ ዝናቡ አገባብና አወጣጥ የተለየ ነገር መባሉንና አለመባሉን ተመልከቱ።

ለካህናት ልዩ ማሳሰቢያ የሚያስፈልገው ስለ ወቅቶች ስም ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ዓመቱን በአራት ይከፍላል፦ ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ ዘመነ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ዘመነ ሐጋይ ወይም በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ዘመነ ጸደይ ወይም በልግ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ግን ዓመቱን በሦስት ከፍሎ ይናገራል፦ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር። እነዚህም ወራት የአውሮፓውያኑን ወር ተከትለው የተተረጎሙ ስለሆኑ፣ በእኛ ቀን ሲታሰቡ በልግ ከጥር 24 እስከ ግንቦት 23፣ ክረምት ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20፣ በጋ ከመስከረም 21 እስከ ጥር 23 ገደማ ይሆናሉ። «የበልግ ዝናብ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው» የሚል መግለጫ ሲመጣ፣ በባሕረ ሐሳብ የለመደ ካህን ነገሩ ከመጋቢት መጨረሻ በኋላ የሚጀምር መስሎት ማስታወቂያውን በጠረጴዛው ላይ ሊያቆየው ይችላል። በዚያን ጊዜ ግን ከበልጉ እኩሌታው አልፏል። ከዚህ የተነሣ በማስታወቂያ ላይ የወቅቱን ስም ብቻ ሳይሆን ወሩንና ቀኑን መጻፍ ይሻላል። («ጸደይ» በከተማው አነጋገር የመስከረምን አበባ የሚያመለክት መሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ለዛሬው እንተወው።)

በእንግሊዝኛ መግለጫዎች «ፎርካስት» ከብዙ ዘመዶቹ ጋር ይገኛል፤ ሁሉንም «ትንበያ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። «አውትሉክ» ረዘም ላለ ጊዜ የሚሰጥ አጠቃላይ አዝማሚያ ነው። «ዋርኒንግ» ማስጠንቀቂያ ነው፤ አደጋው ደርሷል ወይም ሊደርስ ተቃርቧልና ሰውና ከብት ከወንዝ ዳር ይራቁ የሚያሰኝ ነው፤ ይህ ከእሑድ እስከ እሑድ አይቆይም፤ በዚያው ሰዓት ደወል ይደወልለታል። «ፕሮጀክሽን» ደግሞ ስለ አሥርት ዓመታት የአየር ንብረት የሚነገር ሲሆን፣ «የዓለም ሕዝብና ኢንዱስትሪ በዚህ መንገድ ቢሄድ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። «ሻወር» በከተማ አማርኛ የገላ መታጠቢያ ነው፤ በትንበያ ቋንቋ ግን ድንገት መጥቶ ቶሎ የሚያባራ ዝናብ ነው። በጎኑ «እዚህም እዚያም» የሚል ከታከለበት፣ ጎረቤት አጥቢያ ዘንቦ እናንተ ዘንድ ባይዘንብ ትንበያው አልተሳተም ማለት ነው።

ትንበያ ተሳተ ወይስ አልተሳተም ብሎ ለመፍረድ በአንድ ክረምት አይበቃም። ዕድሉ ከመቶ 20 የተባለው ነገር አልፎ አልፎ መሆን አለበት፤ ጨርሶ ካልሆነማ 20 መባሉ ሐሰት ነበር። የሚሻለው መዝገብ መያዝ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከዛፍና ከጣሪያ በራቀ ቦታ አንድ የዝናብ መለኪያ ቢተከል፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ዲያቆን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ቢያነብበውና ቢጽፈው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጥቢያው ለራሱ ምድር የሚናገር መዝገብ ይኖረዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው፤ 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ሕንፃ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 2,000 ሊትር ያህል ይቀበላል። የውኃ ማጠራቀሚያ ለሚያቅዱ ኮሚቴዎች ይህ ብቻውን መዝገቡን ያዋጣል።

በዓውደ ምሕረት ለሚነገር ማስታወቂያ እንዲህ ያለ አነጋገር ይስማማል ብዬ አምናለሁ፦ «የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በሰጠው ትንበያ መሠረት፣ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ባለው ጊዜ በአካባቢያችን ዝናቡ ከተለመደው የመብለጥ ዕድሉ ያመዝናል፤ የሚያንስበትም ዕድል አለ። ትንበያው ስለሚታደስ አዲስ ነገር ሲመጣ እንነግራችኋለን። ስለ ዘራችሁ ከልማት ሠራተኛው ጋር ተማከሩ።» የሰጪው ስም ተጠርቷል፤ ጊዜው ተወስኗል፤ ሁለቱም ወገን ተነግሯል። «ተብሏል» ብቻ ብሎ ማለፍ ግን ቃሉን የካህኑ ያደርገዋል።

በቅርብ ዓመታት የእርዳታ ሥራም ራሱ በፎርካስት ላይ መመሥረት ጀምሯል። ድርቁ ከገባ በኋላ ከማሰባሰብ ይልቅ፣ ትንበያው አስቀድሞ ከተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ገንዘብ፣ መኖ ወይም ዘር ይለቀቃል። ከብቱ ሳይከሳ መኖ መስጠት ከከሳ በኋላ ከመስጠት ይረክሳል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ እርዳታው ይሰጥና ዝናቡም ይመጣል። ያን ጊዜ «ያለ ችግር ገንዘብ አደሉ» የሚል ወቀሳ በሰበካ ጉባኤው ላይ ይነሣል። ስለዚህ ከዕደላው አስቀድሞ የመነሻው ደረጃ ምን እንደሆነና ባይደርስም ገንዘቡ እንደማይመለስ ለሕዝቡ ተነግሮ በቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት።

በመጨረሻ የገንዘቡ ፎርካስት ይቀራል። የሩብ ዓመት የወጪ ቅድመ ግምት ስትልኩ፣ ቃሉ የሚጠይቃችሁ ዛሬ በእጃችሁ ባለው ዕውቀት ቀጣዩን ወጪ እንድታሰሉ ነው፤ ቃል ኪዳን አያስገባችሁም። ከተገመተው በላይ ወይም በታች ወጪ ቢሆን ልዩነቱን ከነምክንያቱ መጻፍ እንጂ ደረሰኙን ከግምቱ ጋር ለማስማማት መድከም አይገባም፤ ግምትና ወጪ በየጊዜው ፍጹም እኩል የሚሆኑበት ሪፖርት ኦዲተርን ደስ አያሰኝም፤ ይልቁን ያጠራጥረዋል። ሁለቱ ፎርካስቶች የሚገናኙበትም ቦታ አለ። ክረምት በገባ ጊዜ መኪና በማያልፍበት አጥቢያ የሲሚንቶና የአሸዋ ማጓጓዣ ወጪን በሐምሌና በነሐሴ አትመዝግቡ፤ ሩቡ ዓመት ሲያልቅ ገንዘቡ ሳይሠራበት ይገኛልና። እንዲህ ያለው ወጪ መንገዱ ወደሚደርቅበት ወደ ኅዳር ቢዛወር፣ የለውጡም ምክንያት በአንድ መስመር ቢጻፍ፣ ከጽሕፈት ቤቱ የሚመጣው ጥያቄ ይቀንሳል።